ሰንበትን ጠብቆ ሕግ መማር

(ከሕግ ትምህርት ቤት ቤተ እስራኤል ተማሪዎች በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ስለ ሃይማኖታችንና ስለ ትምህርታችን እንድንናገር ስለ ጋበዘን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ሙስሊሙ፣ ሃይማኖት የለኝም የሚለውም ጭምር በአንድነት ተቀምጧል። እኛ አይሁድ ነን፤ ቍጥራችንም በአንድ እጅ ጣት ተቈጥሮ የሚያልቅ ነው። ወላጆቻችን ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው ከፊሎቹ በሱዳን በረሃ አድርገው በ1984 እና በ1985፣ ከፊሎቹም በ1991 ከአዲስ አበባ በአየር ወደ እስራኤል የገቡ፣ ከዚያም ሥራና ትምህርት ፍለጋ ወደዚህ ወደ ኒው ዮርክ የተሻገሩ ናቸው። (በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ዛሬ የመጣነው እንዲታዘንልን አይደለም። የሕግ ተማሪዎች እንደ መሆናችን አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ብዙ ዓይነት ሰው በተሰበሰበበት ትምህርት ቤት እኩልነት ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት ደንብ ማውጣት ነውን? ወይስ ለሁሉም አንድ ዓይነት ዕድል መስጠት? ሁለቱ አንድ የሚመስሉት ደንቡ ለማይጐረብጠው ሰው ብቻ ነው።

ሰንበት ሲባል ለአብዛኞቻችሁ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ቀዳሚት ሰንበትን ከእሑድ ጋራ አክብራ የኖረች ናት። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ስለ ቅዳሜ ብለው ብዙ መከራ ከተቀበሉ በኋላ፣ በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባዔ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ተወስኗል። ስለዚህ ስለ ቅዳሜ መከራከር በአገራችን ጥንታዊ ነው፤ እኛ ዛሬ ያመጣነው አዲስ ነገር አይደለም።

የእኛ ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል፤ ቅዳሜ ማታ ከዋክብት ሲታዩ ይወጣል። ይህም ወደ 25 ሰዓት ያህል ነው። የጥንት ሊቃውንት ሚሽና በሚባለው መጽሐፍ በሰንበት የተከለከሉትን ሥራዎች በ39 ከፍለው ቈጥረዋቸዋል። ከእነዚህም መካከል መዝራት፣ ማጨድ፣ ማቡካት፣ መስፋት፣ እሳት ማንደድ፣ እሳት ማጥፋት፣ ሁለት ፊደል መጻፍ፣ ደግሞም ሁለት ፊደል ለመጻፍ ሲባል የተጻፈውን መፋቅ ይገኙበታል። ልብ አድርጉ፤ የተከለከለው ሁለት ፊደል ከሆነ፣ በአንድ የሕግ ፈተና ላይ የሚጻፈው ስንት ሺህ ፊደል ነው? በዘመናችንም የመብራቱ ማብሪያ፣ ስልኩና ኮምፒዩተሩ ሁሉ ከዚሁ ክልከላ ሥር ገብተዋል።

እንግዲህ ይህ ሕግ ከሌላው ሕግ ትምህርት ጋራ የሚጋጭበትን ቦታ እናሳያችሁ። ዲሴምበር የፈተና ወር ነው። በዚያ ወር በኒው ዮርክ ፀሐይ የምትጠልቀው በኢትዮጵያ ሰዓት ከቀኑ በ10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የሰንበት መብራት ደግሞ ከዚያ 18 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይበራል። ስለዚህ ዓርብ ከቀኑ በ7 ሰዓት የተጀመረ የአራት ሰዓት ፈተና ገና ሳያልቅ ሰንበት ገብቷል ማለት ነው። ዓርብ ተሰጥቶ ቅዳሜ የሚመለስ የቤት ፈተናም ለሌላው ተማሪ ሙሉ ቀን ሲሆን ለእኛ ጥቂት ሰዓት ብቻ ይሆናል።

በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ በዓሎቻችን ይከታተላሉ። አባቶቻችን ብርሃን ሠረቀ የሚሉት የዘመን መለወጫ፣ አስተሥርዮ የሚሉት የጾምና የንስሐ ቀን፣ በዓለ መጸለት የሚሉት የዳስ በዓል ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ ናቸው። ከእስራኤል ውጭ ለሚኖር አይሁዳዊ በዚያ ወር ሥራ የማይሠራባቸው በዓላት 7 ቀን ይሆናሉ፤ ሰንበቶቹ በዚህ ላይ ሳይቈጠሩ ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ መምህሩ ስሙን ጠርቶ ከሚያፋጥጥበት ክፍል ገና መላመዱ ነው፤ በዚያው ወር እኛ አንድ ቀን ገብተን ሁለት ቀን እንቀራለን። ማስታወሻ ከጓደኛ ይቀዳል፤ ክርክሩ ግን አይቀዳም።

ስለ ፈተናው ነገር ሕጉ ከእኛ ጋራ ነው። የኒው ዮርክ ስቴት የትምህርት ሕግ አንቀጽ 224-ኤ በሃይማኖቱ ምክንያት በተወሰነ ቀን መገኘት የማይችል ተማሪ ከትምህርቱና ከፈተናው ይቅርታ እንዲያገኝ፣ ያመለጠውንም በሌላ ቀን እንዲያሟላ ያዛል። ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ የሚሰጥ ፈተና ቢኖር፣ በተቻለ መጠን በሌላ ቀን ምትኩ ሊዘጋጅለት ይገባል፤ ስለዚህም የተለየ ክፍያ አይጠየቅም። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች የምዕራቡን ፀሐይ በደንብ ያስተዋሉ ይመስለናል።

ነገር ግን የሕግ ትምህርት ቤት ኑሮ ፈተና ብቻ አይደለም። ዓርብ ማታ ከትልልቅ የጠበቆች ቢሮዎች ጋራ መተዋወቂያ ግብዣ ይደረጋል። የልምምድ ችሎት ውድድር ቅዳሜ ይውላል። የጥናት ጓዶች ለሰኞ የሚያዘጋጁት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የሥራ ደብዳቤ በስልክ ሲመጣ በሰዓቱ ያልመለሰ ሰነፍ ይባላል። ስለ እነዚህ አንቀጽ 224-ኤ ምንም አይናገርም። ሕጉ ውጤታችንን ሊያድን ይችላል፤ ጓደኝነታችንን ግን አያድንም። ወዳጅነትም በዚህ ሙያ ውስጥ እንጀራ መሆኑን ታውቃላችሁ።

ስለ ምግብም ጥቂት እንበል። በዚህ ረገድ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ የእናንተ መረዳት ይቀለናል። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ሥጋ ሲቀርብለት «ማን ባረከው?» ብሎ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ ያውቃል። የክርስቲያኑ ከብት በስመ አብ፣ የሙስሊሙ ከብት በቢስሚላህ ይታረዳል፤ በሰርግ ቤትም ለሁለቱ ሁለት ድንኳን ይተከላል፤ ስለዚህም የተቀየመ ሰው አላየንም። የእኛም እርድ የራሱ አራጅና የራሱ ደንብ አለው። ወዳጆቻችን ግን «የጾም ወጥ አለ፤ ሥጋ የለበትም፤ ምን ችግር አለው?» ይሉናል። ችግሩ ከድስቱ ነው፤ ትናንት ቅቅል የተሠራበት ድስት ዛሬ ሽሮ ቢሠራበት ለእኛ ያው ቅቅል ነው። ስለዚህ በግብዣችሁ ላይ ብርቱካን ልጠን ስንበላ ብታዩን የተቀየምን አይምሰላችሁ። እኛ የመጣነው ለጨዋታው ነው።

አሁን ወደ ሙያችን እንመለስ። በአገራችን «በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰንበት ጕዳይ ላይ መቼ ቆሞ እንደ ሰማ፣ መቼም አልፎ እንደ ሄደ ብናይ ለክርክራችን ይጠቅማል።

በ1961 አብርሃም ብራውንፌልድ የሚባል የፊላደልፊያ ነጋዴና ጓደኞቹ ጕዳያቸውን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቀረቡ። እነርሱ ስለ ሃይማኖታቸው ቅዳሜ ሱቃቸውን ይዘጉ ነበር፤ የፔንስልቬንያ ሕግ ደግሞ እሑድ እንዲዘጉ ያስገድዳል። እንግዲህ ተወዳዳሪያቸው አንድ ቀን ሲዘጋ እነርሱ ሁለት ቀን ዘግተው እንዴት ይነግዳሉ? ፍርድ ቤቱ ግን ሕጉ ሃይማኖታቸውን አልከለከለም፣ ኑሯቸውን ብቻ አስወደደባቸው ብሎ ፈረደባቸው። በዚያን ጊዜ በችሎቱ ላይ የነበረው ብቸኛ አይሁዳዊ ዳኛ ፊሊክስ ፍራንክፈርተር ከፈረዱባቸው ወገን ነበር። የልዩነት ሐሳብ ከጻፉት አንዱ ካቶሊኩ ዊልያም ብሬናን ነበር። ይህን የምናነሣው ስለ አንድ ትምህርት ነው፤ የወገን ሰው በችሎት ላይ መቀመጡ ለመብት ዋስትና አይሆንም፤ ዋስትናው የሌላውን ሸክም መመዘን የሚችል አእምሮ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1963፣ አዴል ሸርበርት የምትባል የሳውዝ ካሮላይና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ቅዳሜ አልሠራም ብላ ከሥራ ተባረረች። የአድቬንቲስት ምእመን ነበረች። ለሥራ አጦች የሚሰጠው ድጎማም ተከለከለባት። ፍርድ ቤቱ ግን ሃይማኖቷንና እንጀራዋን እንድትመርጥ ማስገደድ አይገባም ብሎ ፈረደላት። አይሁዳውያኑ ነጋዴዎች ያላገኙትን ለቅዳሜ ያስገኘች አንዲት ክርስቲያን ሴት መሆኗን ልብ በሉ።

ቀጥሎ ደግሞ ነገሩ ወደ ኋላ ተመለሰ። ከ1972 ጀምሮ የአገሪቱ ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው ሃይማኖት ከባድ ችግር እስካልደረሰበት ድረስ እንዲያመቻችለት ያዝዝ ነበር። በ1977 ላሪ ሃርዲሰን በሚባል ሰንበት ጠባቂ የአየር መንገድ ሠራተኛ ጕዳይ ግን ፍርድ ቤቱ «ከባድ ችግር» የሚለውን ቃል ከኢምንት ትንሽ ከፍ ያለ ወጪ ማለት ነው ብሎ ተረጐመው። ከዚያ በኋላ አሠሪው ጥቂት ብር አወጣሁ ካለ ሠራተኛው ተረታ ማለት ነው። በ1986 ደግሞ ሲምካ ጎልድማን የሚባል የአየር ኃይል መኮንን፣ ሥራው የሥነ ልቡና ሐኪምነት ሲሆን፣ በራሱ ላይ ኪፓ ማድረግ ተከልክሎ በ5 ለ4 ድምፅ ተረታ። በዚህ ጊዜ ያቀናው ፍርድ ቤቱ አልነበረም። የሕግ መወሰኛውና የሕግ መምሪያው ምክር ቤቶች በ1987 ሥርዓት ያለው ትንሽ የሃይማኖት ልብስ ለወታደር እንዲፈቀድ ሕግ አወጡ።

በመጨረሻም በ2023 የፔንስልቬንያው ፖስተኛ ጄራልድ ግሮፍ እሑድ ጥቅል አላድልም ብሎ ተከራከረ። እርሱ ክርስቲያን ነው፤ የሚያከብረውም እሑድን ነው። ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ የ1977ቱን አተረጓጐም አጥብቆ፣ አሠሪው ማስረዳት ያለበት በሥራው ላይ የሚደርስ ከፍ ያለ ወጪ እንጂ ኢምንት ወጪ እንዳልሆነ ወሰነ። ነገ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን በአንድ የጠበቆች ቢሮ ስንቀጠር፣ ዓርብ ማታ ወደ ቤታችን እንድንሄድ የሚረዳን ይህ የእሑድ አክባሪው ፖስተኛ ያስገኘው ፍርድ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ጕዳዮች የምንረዳው መብት ተዘዋዋሪ መሆኑን ነው። አንዱ የተከራከረበት ሌላው ይኖርበታል፤ አንዱ የተረታበትም ሌላውን ያስጠቃል። ስለዚህ የሙስሊም እኅታችን የሂጃብ ጕዳይ፣ የኦርቶዶክስ ወንድማችን የስቅለት ቀን ፈተና ጕዳይ የእኛም ጕዳይ ነው። ይህን የምንለው ለመደለል አይደለም፤ የፍርድ መዝገቡ ያሳየናል።

ሰንበትን መጠበቅ ትምህርታችንን ጎድቷል ወይ ብትሉን፣ ጊዜያችንን ወስዷል፤ ንባባችንን ግን አስልቷል እንላለን። አንድ ምሳሌ እንስጥ። ኦሪት ዘጸአት በሰንበት ቀን በቤት እሳት ማንደድን ይከለክላል። አባቶቻችን በጎንደር ተራሮች ላይ ይህን ቃል አጥብቀው ስለ ያዙ፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃውን ሁሉ ያጠፉ ነበር፤ ሰንበትን በጨለማ ያነጋሉ፣ ቀዝቃዛ ምግብም ይበላሉ። በሌላው ዓለም የኖሩት አይሁድ ሊቃውንት ደግሞ ያንኑ ቃል ሲተረጕሙ፣ የተከለከለው ማንደዱ ነው እንጂ ዓርብ የነደደው ሲነድ መቈየቱ አይደለም አሉ፤ እንዲያውም በሰንበት ዋዜማ መብራት ማብራትን ግዴታ አደረጉ። ጽሑፉ አንድ ነው፤ አንዱ ቤት ይጨልማል፣ አንዱ ቤት ይበራል። ሁለቱም ሕግ አክባሪ ነው። አያቶቻችን እስራኤል ሲደርሱ ይህ ልዩነት በአንድ ማዕድ ላይ ቀረበ። ዛሬ በቤቶቻችን መብራቱ ይበራል፤ አያቶቻችን ግን መብራቱን ባዩ ቍጥር ዝም የሚሉበት ጊዜ አለ። የሕግን ቃል የመተርጐም ትምህርት በክፍል ሲጀመር፣ እኛ ትርጓሜ ምን ያህል ቤት እንደሚያሞቅና እንደሚያቀዘቅዝ ከልጅነታችን አውቀነው ነበር።

የታልሙድ ሊቃውንት የተሸነፈውን ሐሳብ ከነባለቤቱ ስም ጽፈው ማቈየታቸውም ለዚህ ትምህርት ይረዳል። አንድ ቀን የሚመጣ ችሎት ሊደገፍበት ይችላል ብለው ነው። የኢትዮጵያም የአንድምታ መምህራን «አንድም» እያሉ ትርጓሜውን በትርጓሜ ላይ ይደራርቡታል፤ አንዱን አንሥተው ሌላውን አይጥሉም። የአሜሪካ ዳኞች የልዩነት ሐሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ከሦስት አቅጣጫ የተማርነው አንድ ነገር ነው፤ በቍጥር ያነሰ ሐሳብ ተመዝግቦ ይቈይ፤ አይፋቅ።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ከበድ ያለው ነው። ወደ ጥቁር ተማሪዎች ስብሰባ ስንሄድ ኪፓችን ያስገርማል፤ ወደ አይሁድ ተማሪዎች የጸሎት ቤት ስንሄድ ደግሞ ፊታችን ያስገርማል። በአንደኛው በር «አንተ እንዴት አይሁዳዊ ትሆናለህ?» እንባላለን፤ በሁለተኛው በር «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» እንባላለን። የሰፋርዲም ዋና ራባይ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን የመሰከሩት በ1973 ነው፤ ሰው ግን ምስክርነቱን ሳያነብ በዓይኑ ይፈርዳል። ሁለቱንም መሆናችን ለእኛ ምሥጢር አይደለም፤ ሰንጋ ተሰንጥቆ እንደሚከፈል ሁለት ብልት አይደለንም።

በተለይም ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ወዲህ፣ በእስራኤል ከተፈጸመው ግድያና እገታ፣ ቀጥሎም በጋዛ እጅግ ብዙ ሺህ ሕዝብ ካለቀበት ጦርነት በኋላ፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያለው አየር ከብዷል። ከእኛ መካከል የቅርብ ዘመዱን በወታደርነት የላከ አለ፤ ጦርነቱን አጥብቆ የሚቃወምም አለ፤ ሁለቱንም የሆነ አለ። ነገር ግን ኪፓ ያየ ሁሉ በመንገድ ላይ አስቁሞ ስለ አንድ መንግሥት ሥራ መልስ ስጥ ሲለን፣ ይህ ክርክር አይደለም፤ ክስ ነው፤ ያውም ያለ ክስ ጽሑፍ። ሂጃብ ያደረገችውን የክፍል ጓደኛችንን ስለ ሌሎች የጦር መሣሪያ መልስ ስጪ የሚላትም እንዲሁ ይበድላታል። ኦሪት ዘዳግም ልጅ ስለ አባቱ በደል እንዳይቀጣ ያዛል፤ የወንጀል ሕግ መምህራችንም ጥፋት የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ነው ብለው ያስተምሩናል። ሁለቱም ትምህርት ከክፍሉ በር ውጭ የሚሠራ ካልሆነ ለምን እንማረዋለን? በነገሩ ላይ መከራከር የሚፈልግ ይምጣ፤ ወንበር ስቦ ይቀመጥ፤ እንከራከር። ልብሳችንን አይቶ ግን አይፍረድብን።

እንግዲህ ንግግር ያለ ውሳኔ ሐሳብ ከንቱ ነውና አራት ነገር ለማኅበሩ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ባለፈው ዓመት የማኅበራችን ምርጫ ቅዳሜ ቀን ስለ ተደረገ ድምፅ ሳንሰጥ ቀርተናል። ከእንግዲህ ምርጫና ጠቅላላ ጉባዔ ከዓርብ ፀሐይ መግቢያ እስከ ቅዳሜ ምሽት ባለው ጊዜ እንዳይደረግ፣ የግድ ከሆነም ቀደም ብሎ በጽሑፍ ድምፅ መስጠት እንዲፈቀድ በመተዳደሪያ ደንቡ ይግባልን።

ሁለተኛ፣ በመስከረም ወር መጀመሪያ የሁሉም ሃይማኖት በዓላት የሚመዘገቡበት አንድ የቀን መቍጠሪያ ይዘጋጅ። ዒዱና የረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት፣ ከምዕራባውያኑ ጋራ ብዙ ጊዜ የማይገጥመው የኦርቶዶክስ ስቅለትና ትንሣኤ፣ ገናና ጥምቀት፣ የእኛም በዓላትና የሕዳሩ ስግድ ይጻፉበት። ለዲኑ ቢሮም በማኅበሩ ስም ይላክ። አንድ ተማሪ ብቻውን ሲጠይቅ ልመና ይመስላል፤ ማኅበር ሲጠይቅ ግን አሠራር ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በበዓል ምክንያት ለቀረ ተማሪ ማስታወሻና የትምህርት ቅጂ የሚሰጥ ተረኛ በየክፍሉ ይመደብ።

አራተኛ፣ በማኅበሩ ግብዣ ላይ ያልተላጠ ፍራፍሬና የታሸገ መጠጥ አይጥፋ። ይህ ወጪው ኢምንት ነው፤ በ1977ቱ ፍርድ እንኳ ያስፈርድልናል።

እኛም በበኩላችን ዕዳ አለብን። የምንቀርባቸውን ቀኖች ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ለመምህራን በጽሑፍ እናስታውቃለን፤ በፈተና ዋዜማ የሚያስደነግጥ ጥያቄ አናቀርብም። እናንተ በገናና በትንሣኤ፣ እናንተም በዒድ ቀን ስታርፉ፣ በቤተ መጻሕፍትና በነጻ የሕግ ምክር ቢሮ ያለውን ተራ እኛ እንሸፍናለን። እሑድ ማለዳም የሰው እጥረት ካለ ስማችንን ጻፉ፤ የእኛ ሳምንት የሚጀምረው በዚያን ቀን ነውና።

የተከበራችሁ ወገኖች፣ እኛ ነገ በችሎት የምንቆም፣ አንዳንዶቻችንም ምናልባት በዳኝነት የምንቀመጥ ነን። በፊታችን የሚቆመው ባለጕዳይ እንደ እኛ አይጸልይም፣ እንደ እኛ አይበላም፣ እንደ እኛ አያርፍም። የእርሱን ሸክም መመዘን የምንለምደው መቼ ነው? ካባው ከተደረበልን በኋላ አይመስለንም። የምንለምደው ዛሬ፣ የአንድን ማኅበር ምርጫ ከቅዳሜ ወደ እሑድ ማዛወር በመሰለ ትንሽ ጕዳይ ላይ ነው።

የውሳኔ ሐሳቡ በሚቀጥለው ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል። ስብሰባውም፣ ኮሚቴው እንደ ነገረን፣ ረቡዕ ማታ ነው፤ ስለዚህ ሁላችንም እንገኛለን።